ባለ ገበሩ ባነር

[አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ግድግዳው ላይ በቀጠሯቸው ያልደረሱ ልብሶች ተደርድረው ተሰቅለዋል፦ እጅጌ የሌለው ኮት፣ ቁልፍ ያላየ ሸሚዝ፣ አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋ ሱሪ። ባለቤቱ ሰፊው ነው። ሰፈሩ "ሁሉ አወቅ" ይለዋል፤ ሲሳቅበት ነው፣ እሱ ግን ሲመሰገን ይመስለዋል። በሩ ሥር የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ወንበር ጠጋኙ አማቹ፣ አንዲት ወንበር ገልብጦ እግሯን በመዶሻ ቀስ እያደረገ ይመታል። በመሀላቸው ወለሉ ላይ ረጅም ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል፤ ሰፊው ላብ ላብ ብሎታል።]

ሰፊው: ያለ ገበር አይሆንም አልኩህ! አይሆንም!

አማቹ: እሺ ጋሼ። ግን ባነር እኮ ነው። ማን ሊለብሰው ነው?

ሰፊው: ገበር ለሚለበስ ነገር ብቻ ነው ያለህ ማነው? ገበር የሌለው ጨርቅ ነፋስ ሲነካው ይጨማደዳል። ሲጨማደድ "ድልድያችን ይሠራልን" የሚለው ጽሑፍ "ድል" ብሎ ይቀራል።

አማቹ: "ድል" ቢል ምን አለበት? ደስ ይላል እኮ።

ሰፊው: ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! ለመሆኑ ተቃውሞ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

አማቹ: አላውቅም።

ሰፊው: አታውቅም! ስማ እንግዲህ። ተቃውሞ ልክ እንደ ኮት ነው። ደረት አለው፣ ትከሻ አለው፣ እጅጌ አለው። ደረቱ ንግግሩ ነው፤ እሱን እኔ አደርጋለሁ። ትከሻው ባነሩ ነው፤ እሱንም እኔ እሰፋለሁ። እጅጌው መፈክሩ ነው፤ እሱንም እኔ አስጀምራለሁ።

አማቹ: ኪሱስ?

ሰፊው: ኪስ የለውም! ኪስ ያበቀለ ተቃውሞ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

አማቹ: እና እኔ የቱ ጋ ነኝ?

ሰፊው: አንተ ቁልፍ ነህ። [ትንሽ አስቦ] የለም፣ ቁልፍም ይበዛብሃል። የቁልፍ ቀዳዳ ነህ።

አማቹ: [ከልቡ ደስ ብሎት] እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

ሰፊው: ቀልድ አይደለም ደግሞ! ያ ድልድይ ከተሰበረ ስንት ጊዜ ሆነው?

አማቹ: ጎርፉ የወሰደው ጊዜ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። አሁን አብቅላ፣ ዳቦ ትገምጥበታለች።

ሰፊው: እስከዛሬ ማዘጋጃ ቤቱ ምን አለን?

አማቹ: ነገ።

ሰፊው: ነገ! ነገ! ነገ! እንዲህ ያለ አሳፋሪ መሥሪያ ቤት ታይቶ ይታወቃል? የሰውን ጉዳይ ተቀብሎ፣ ነገ ና እያሉ ማመላለስ! ትንሽ አያፍሩም?

[አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋው ሱሪ ከምስማሩ ተንሸራቶ ትከሻው ላይ ያርፋል። ሰፊው ሳያየው አንሥቶ መልሶ ይሰቅለዋል።]

አማቹ: ጋሼ፣ ይሄ የፀጉር አስተካካዩ ሱሪ...

ሰፊው: ነገ ይደርሳል! አሁን ስለ ድልድይ ነው የምናወራው!

አማቹ: ልክ ነዎት። [መዶሻውን ያስቀምጣል] እኔ ለራሴ አይደለም ጋሼ። እኔማ በየትም ዞሬ እገባለሁ። ልጄን ግን በየጠዋቱ በትልቁ መንገድ ነው አዙሬ ትምህርት ቤት የማደርሳት። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጣቴን ጭብጥ ታደርገዋለች። እኔም እፈራለሁ፤ ግን አባት ነኝና "አይዞሽ፣ አልፈራም" እላታለሁ። ትናንትና "አባዬ፣ አንተ ሥራ የበዛብህ ቀን ማን ያሻግረኛል?" ስትለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

[ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ልጅቷን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወዳት። ሁሉን አዋቂ ሰው ደግሞ ሰው ፊት አያለቅስም።]

ሰፊው: እህ... ለዚህ እኮ ነው ገበር ያስፈልጋል የምልህ!

አማቹ: እሺ፣ ገበር ይሁን። ሰዎቹንስ ምን ልበላቸው? ዳቦ ጋጋሪዋ "እኔስ ምን ላግዝ?" ብላኛለች።

ሰፊው: መጮህ ትችላለች?

አማቹ: አትችልም። ዳቦ ሲቃጠል እንኳ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

ሰፊው: እንግዲያው አትሆንም።

አማቹ: ጆሯቸው የማይሰማው ሽማግሌስ? እሳቸውም ልምጣ ብለዋል።

ሰፊው: መፈክሩን ሳይሰሙ እንዴት ይቀበሉኛል? እኔ "ድልድያችን!" ስል እሳቸው "ምን አልክ?" ሊሉ ነው?

አማቹ: አስተማሪዋስ?

ሰፊው: እሷ ደብተር ታርም። አየህ አማቼ፣ ተቃውሞ የባለሙያ ሥራ ነው። ሁሉም እየተነሣ የሚገባበት ገበያ አይደለም።

አማቹ: ከሆነ ማን ነው የሚመጣው?

ሰፊው: ሕዝቡ ነዋ! "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲባል አልሰማህም?

አማቹ: ሰምቻለሁ። ግን ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ አንበሳ አላየሁም። አንድ ዘበኛ ነው ያለው፤ እሱንም ሳል ይዞታል።

ሰፊው: [ግንባሩን ይዞ] አንተን ያስተማረ ሰው ጽድቁ አይቀርበትም! በቃ ተወው። ያንተ ሥራ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ቀድመኸኝ ሂድ። ይህችን ወንበር ይዘህ ማዘጋጃ ቤቱ በር ፊት ቁጭ በል። ንግግር ሳደርግ የምቆምባት እሷ ላይ ነው፤ ቦታዬን ያዝልኝ። እኔ ሳልመጣ እንዳትነሣ!

አማቹ: ዘበኛው ተነሥ ቢለኝስ?

ሰፊው: አትነሣ።

አማቹ: ነገ ና ቢለኝስ?

ሰፊው: አትነሣ!

አማቹ: ዝናብ ቢመጣስ?

ሰፊው: ጨው ነህ እንዴ? አትነሣ!

አማቹ: እርስዎ ባይመጡስ?

ሰፊው: እኔ? እኔ ቀጠሮ አፍርሼ አውቃለሁ?

[አማቹ ቀና ብሎ ግድግዳውን ያያል። የተሰቀሉት ልብሶችም እሱን የሚያዩት ይመስላሉ።]

ሰፊው: መቼም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለዚህ ሥራ ካንተ የተሻለ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም።

አማቹ: ኧረ አመሰግናለሁ ጋሼ።

[ማግስቱ ጠዋት፣ እዚያው ስፌት ቤት። ሰፊው ሱፍ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ክራባቱን አንቆ፣ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቷል። ባነሩ አልደረሰም። ልብስ ሰፊ መቼም ገበር የሚሰፋው ጨርቁን ገልብጦ ነው፤ እሱም በለመደ እጁ ገልብጦ ሰፋ፤ ጨርሶ ሲያየው ጽሑፉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከውጭ ንጹሕ ነጭ አንሶላ ሆኗል። እንደ ገና ፈትቶ እየሰፋ ነው። ስልኩ ይጮሃል። አማቹ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ በር።]

ሰፊው: ሃሎ! ደረስኩ በቃ! ጥጉ ጋ ነኝ!

አማቹ: ጋሼ፣ ይሄ የሚንጣጣው ምንድን ነው?

ሰፊው: መኪና ነው።

አማቹ: አሃ፣ መኪና ላይ ነዎት?

ሰፊው: አዎ፣ መኪና ላይ ነኝ። [ይህችኛዋስ ውሸት አልነበረችም።] አንተ ቦታህ ላይ ነህ?

አማቹ: አለሁ። ዘበኛው መጥቶ "ምን ሆነህ ነው?" አለኝ። ሰው እጠብቃለሁ አልኩት። "ነገ ና" አለኝ። "ነገም እመጣለሁ፣ ዛሬ ግን አልነሣም" አልኩት። ሳቀና ሳሉ መጣበት።

ሰፊው: ጎበዝ! እንደሱ ነው!

አማቹ: ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪዋ በዚህ ስታልፍ አየችኝ። "ምን ተገኘ?" አለችኝ። ለድልድዩ ነው ስላት፣ "እኔም እኮ ለዚሁ ስመላለስ ነው የከረምኩት" ብላ ከኋላዬ ቆመች።

ሰፊው: ምን? ማን ፈቀደላት? መፈክር አልተለማመደችም!

አማቹ: ዝም ብላ ነው የቆመችው። ከሷ ኋላ ፀጉር አስተካካዩ ቆመ። ከሱ ኋላ ሽማግሌው። ከሳቸው ኋላ ያለውን አላውቀውም፤ ዞር ልል ፈልጌ፣ አትነሣ ስላሉኝ ፈራሁ።

ሰፊው: [መርፌው ጣቱን ይወጋዋል] ወይኔ እናቴ! ስማ፣ እነሱን ተዋቸው። ሰው ቁጭ ብሎ ያየ ሁሉ ወረፋ ይመስለዋል። በሰው ጉዳይ አትግባ። አንተ ወንበሯን ብቻ!

አማቹ: ለምንድን ነው ወረፋው ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?

ሰፊው: እውነቱን ንገራቸው! ደግሞ ያለ እኔ እንዳትጀምሩ!

አማቹ: ኧረ ምንም አልጀመርንም ጋሼ። ቁጭ ብያለሁ።

[ከሰዓት በኋላ። አማቹ ከበሩ ሥር ተመልሷል፤ ሌላ ወንበር ገልብጦ እያፏጨ ሚስማር ይመታል። ሰፊው እንደ ማዕበል ይገባል። ሱፉ አቧራ ጠጥቷል፤ ብብቱ ሥር የታጠፈ ባነር አለ፤ በቀኝ እጁ አዲስ፣ ባዶ፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሏል።]

ሰፊው: አዋረድከኝ! ጉድ ሠራኸኝ!

አማቹ: ጋሼ! እንኳን መጡ። እኔ እኮ አንድ ነገር ገጥሞዎት ነው ብዬ ስጨነቅ ነበር።

ሰፊው: ቁጭ ብለህ ጠብቀኝ አላልኩህም? ማዘጋጃ ቤት ስደርስ አንድም ተቃዋሚ የለም! የሚጮህ የለም፣ የሚፎክር የለም! ወረፋ ብቻ! ከበሩ ተነሥቶ፣ በመድኃኒት ቤቱ ዞሮ፣ ጫማ ሰፊዎቹን አልፎ፣ ጫፉ አይታይም!

አማቹ: አዎ፣ ረጅም ነበር።

ሰፊው: የመጨረሻዋን ልጅ "ለምንድን ነው ወረፋው?" አልኳት። "እኔ እንጃ፤ ግን ይህን ያህል ሰው ለመጥፎ ነገር አይቆምም" አለችኝ። ከፊቷ ያለውን ብጠይቀው "የሆነ ነገር ሊሰጡን ነው መሰለኝ" አለ። ይኼኔ እኔ አእምሮዬን አሠራሁ።

አማቹ: መቼም እርስዎ።

ሰፊው: ምን ከገበያ ጠፍቶ ነው የከረመው?

አማቹ: ምን?

ሰፊው: ዘይት ነዋ! ሰው በብዛት ቆሟል፣ መሥሪያ ቤት በር ነው፣ ሊሰጡን ነው ይላሉ። ሌላ ምን ይሆናል? እህትህ ደግሞ ዘይት፣ ዘይት እያለች ቁም ስቅሌን አሳይታኛለች። ሮጬ ጀሪካን ገዝቼ ተመለስኩ።

አማቹ: [ጀሪካኑን እያየ] አሃ። ባነሩስ?

ሰፊው: አጣጥፌ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ተቃዋሚ መሆኔን ካወቁ ይከለክሉኛላ! ድልድዩ ነገም አለ፤ ዘይቱ ግን ያልቃል ብዬ አሰብኩ።

አማቹ: ከባድ ቀን ነው ያሳለፉት።

ሰፊው: ገና ምኑ ተነካ! ፀሐዩ አናቴን ሲበላው ቆየና፣ አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ በወረፋው እየዞረ ሰውን መጠየቅ ጀመረ። የሰዉ መልስ አይሰማኝም፤ እኔ ጋ ሲደርስ "እርስዎስ ለምን ጉዳይ ነው?" አለኝ። ጀሪካኔን ከፍ አድርጌ "ለዘይት!" አልኩት። አፍጥጦ አየኝና ሄደ። ቀጥሎ ምን ሆነ መሰለህ? ሰዉ ሁሉ አጨበጨበና ወደ የቤቱ ሄደ! አንድ ጠብታ ዘይት ሳይቀዳለት! ባዶ እጁን ሲመለስ የሚያጨበጭብ ሕዝብ አይቼ አላውቅም፤ ያ ሁሉ ሰው አብዷል!

[አማቹ መዶሻውን ያስቀምጣል። እንዴት አድርጎ እንደሚናገረው ይቸግረዋል፤ ጋሼን ያከብራቸዋል።]

አማቹ: ጋሼ፣ ያ ክራባት ያሰረው ሰውዬ ኃላፊው ነበር።

ሰፊው: የዘይት?

አማቹ: የድልድይ።

ሰፊው: ድልድይ ከዘይት ጋር ምን አገናኘው?

አማቹ: ዘይት አልነበረም ጋሼ። ወረፋው የኛ ነበር። እኔ ከፊት ነበርኩ። ለምንድን ነው ላለኝ ሁሉ እንዳዘዙኝ እውነቱን ነገርኩ፤ እውነት የሰማው ሁሉ "እኔም" እያለ ቆመ። ወሬው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ጭራው ዘንድ ደረሰ። የደረሰው ምናልባት እርስዎ ጀሪካን ሊገዙ ሲሮጡ ይሆናል።

[ሰፊው ቀስ ብሎ ይቀመጣል። የተቀመጠው ጀሪካኑ ላይ ነው፤ ጀሪካኑ "ቷ!" ይላል።]

ሰፊው: እና... ኃላፊው?

አማቹ: በመስኮት ሲያየን ደነገጠና ወጣ። "የማመልከቻ ወረቀት ልስጥህና ሂድ" አለኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩት፤ ወንበሯን ግን አለቀቅኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለውኝ የለ? "ይሄ ሁሉ ሰው ለድልድዩ ነው?" አለኝ። "ራስዎ ይጠይቋቸው" አልኩት። ሄዶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። "ሁሉም ለድልድዩ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር" አለ።

ሰፊው: [እየፈራ] የትኛው ሰው?

አማቹ: "ሱፍ የለበሰ፣ ጀሪካን የያዘ። ይህ ሰው ከናንተ ጋር ነው ወይስ የናንተ ተቃዋሚ ነው?" አለኝ።

ሰፊው: ምን አልከው?

አማቹ: አላውቀውም አልኩት። የኛ ሰውማ ባነር ይዞ ነው የሚመጣው አልኩት።

[ሰፊው ክራባቱን ያላላል። እስቲ አሁን የሚባል ነገር ይገኛል? ፈልጎ ፈልጎ አንድ ነገር ያገኛል፤ ዓይኑ መልሶ ያበራል።]

ሰፊው: ቆይ! ሰዉ ያጨበጨበው ኃላፊው እንሠራለን ስላለ ነው? መቼ እንጀምራለን አለ?

አማቹ: ነገ።

ሰፊው: ነገ! ሃ ሃ ሃ! ተበላህ! አንተ የዋህ፣ "ነገ" ብሎ ሸኘህ! አምነኸው መጣህ?

አማቹ: አላመንኩትም ጋሼ። እዚህ ቤት እየሠራሁ "ነገ" ምን እንደሆነ ካላወቅኩ መቼ ላውቅ ነው?

ሰፊው: ምን ማለትህ ነው?

አማቹ: አይቀየሙኝም አይደል? እዚህ ጥግ ወንበር ስጠግን ደንበኞችዎን አያለሁ። የሚጮኸውን ነገ ይሉታል። የሚለማመጠውንም ነገ ይሉታል። አዋላጇ እማማ ግን በርጩማቸውን ይዘው መጡ፤ መኪናዎ ፊት ቁጭ ብለው ሹራባቸውን መሥራት ጀመሩ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ቀሚሳቸው ከምሳ በፊት ደረሰ።

ሰፊው: እያዩኝ እኮ ነው! በመነጽራቸው ሥር አተኩረው!

አማቹ: ኃላፊውም እንደዚሁ ነው ያለው። ስለዚህ ወንበሯን እዚያው ትቻት መጣሁ። እንጨቱ መጥቶ፣ ድልድዩ ቆሞ፣ ልጄ በላዩ እስክትሮጥ ድረስ በየተራ እንቀመጣለን። ነገ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ ዳቦው ከምድጃ እንደወጣ። ቀጥሎ ሽማግሌው።

ሰፊው: እሳቸው አይሰሙም እኮ!

አማቹ: ለሱ ነው የመረጥናቸው። ዘበኛው "ነገ ይምጡ" ቢላቸው አይሰሙትም። አስተማሪዋ ደግሞ ደብተሯን እዚያ ተቀምጣ ታርማለች። አራሷ ጎረቤታችን ልጇን እያጠባች ትቀመጣለች። ዘበኛውም በምሳ ሰዓቱ እቀመጣለሁ ብሏል፤ ለካ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው።

ሰፊው: መጮህ የማይችል ሁሉ?

አማቹ: መቀመጥ ይችላሉ ጋሼ።

[ሰፊው አቀርቅሮ የኮቱን ጫፍ ይፈትላል። አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያፍር ያየው የለም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚደረግም አያውቅበትም።]

ሰፊው: እና ለኔ... ለኔ ምንም አልቀረም?

አማቹ: ለእርስዎማ ልጄ ናት ሥራ የሰጠችዎ። "ያቺ ወንበር ትቆረቁራለች፤ አጎቴ ትራስ ይስፋላቸው" ብላለች።

ሰፊው: [ዓይኑን በሜትሩ ጫፍ ይጠርጋል] እሷ ናት ያለችው? አጎቴ ብላ? እሰፋለሁ! ከዚሁ ከባነሩ ቆርጬ እሰፋለሁ! ጨርቁ ወፍራም ነው፣ ገበሩም ዝግጁ ነው። አላልኩህም ገበር ያስፈልጋል? አየህ!

አማቹ: አሉኝ ጋሼ። መቼ ይደርሳል?

ሰፊው: [ሳያስበው፣ ከስንት ዘመን ልማድ] ነገ!

[አማቹ ጠግኖ የጨረሳትን ወንበር ያነሣል። አቧራዋን እፍ ይላል። መኪናው ፊት ለፊት አስተካክሎ ያስቀምጣትና ቁጭ ይላል።]

ሰፊው: ምን እያደረግህ ነው?

አማቹ: ምንም ጋሼ። ቁጭ ብያለሁ።

[በበሩ ሲያልፍ የነበረው ፀጉር አስተካካይ ቆም ይላል፤ ወንበሯን ያያል፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ባለ አንድ እግር ሱሪውን ያያል፣ ገብቶ ከአማቹ ኋላ ይቆማል። ከሱ ኋላ ባለ ኮቱ። ከባለ ኮቱ ኋላ ባለ ሸሚዙ። ሰፊው አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ ምራቁን ውጦ መርፌውን ፍለጋ ይጎነበሳል።]